ማን ተቆጠረ? «ቁጥሩ ራሱ ይናገራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ቁጥሩ ራሱ ይናገራል» በሚል ርዕስ የወጣ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር ውስጥ ረጅም ጊዜ ያሳለፉ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ጭብጣቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ስለ ራሳቸው ተማሪዎችና ሥራ መረጃ እንዲያጠናላቸው የተቋማዊ ጥናት ክፍል እያሉ የሚያቋቁሙት ቢሮ ትርፍ ወጪ ነው። መረጃው በሬጅስትራር እጅ አለ፤ ማጠናቀሩን ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ የሚወጣው ሪፖርት ጥናት ሊባል አይችልም፤ መጠይቁን ተማሪ አይሞላውም። ቢሮው ይኑር ከተባለም ሥራው የተቋሙን መልካም ገጽታ ማሳየት መሆን አለበት፤ የራሱን መረጃ ለመጠቀም ደግሞ ማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ስላሳለፍኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያናደደኝ ቦታ አለ፣ ልክ ናቸው ያልኩበትም ቦታ አለ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

«መረጃው ሁሉ በሬጅስትራር እጅ እያለ ሌላ ቢሮ ማቋቋም አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው» ይላሉ። ሬጅስትራር መረጃ እንዳለው አልክድም፤ ያለ ሬጅስትራር እኛ አንድ ቀን አናድርም። ግን ሬጅስትራር መዝገብ የሚይዘው ለሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ተማሪ ተመዝግቧል ወይ? ክፍያውን ጨርሷል? ውጤቱ ገብቷል? ትራንስክሪፕት ይሰጠው ወይስ ይቆይ? ሁሉም ስለ አንድ ተማሪ፣ ስለ ዛሬ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ የምንጠይቀው ስለ ብዙ ተማሪዎችና ስለ ዓመታት ነው፦ አብረው ከገቡት እነማን ቀሩ? መቼ ቀሩ? ከመቅረታቸው በፊት ምን ሆኑ?

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የገጠመኝን ልናገር። የአንድ ባች ተማሪዎችን የማቋረጥ መጠን እንዳወጣ ታዘዝኩና ከሲስተሙ ዝርዝሩን አወረድኩ። በመጀመሪያው ዓመት ተመዝግበው በሁለተኛው ያልተመዘገቡትን ለየሁና «ያቋረጡ» አልኳቸው። ቁጥሩ አስደነገጠኝ። ሪፖርቱን ከማስገባቴ በፊት ዝርዝሩን አትሜ ሬጅስትራር ውስጥ መዝገብ ቤት ለረጅም ዓመታት ወደሠሩ አንዲት እናት ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማስመሪያ ከስሞቹ ሥር አስቀመጡና አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ጥቂት ስሞች እንደሄዱ ማስመሪያውን አቆሙት። «ልጄ፣ ይህቺ ልጅ እኮ ትናንት እዚህ መስኮት ላይ ቆማ ነበር» አሉኝ። ልጅቷ ትምህርት ክፍል ቀይራለች። ስትቀይር አዲስ የመታወቂያ ቁጥር ተሰጣት። ስለዚህ በአሮጌው ቁጥር ያቋረጠች፣ በአዲሱ ቁጥር አዲስ ገቢ ሆና በአንድ ሲስተም ውስጥ ሁለት ሰው ሆናለች። ከእሷ በታች ያለው ልጅ በሕመም ምክንያት ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ የወጣ ነው፤ በቀጣዩ ሴሚስተር ተመልሶ ይገባል። ሌላው ሞቷል። ስሙን ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ፋይሉን የዘጉት እሳቸው ነበሩ።

በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ሦስቱም አንድ ነበሩ፤ በስማቸው ትይዩ «ያቋረጠ» ይላል። ሬጅስትራሩ አልተሳሳተም። እያንዳንዱ መዝገብ ለተያዘበት ጉዳይ ልክ ነበር። ስህተቱ የመጣው እኔ መዝገቦቹን ሰብስቤ ያልተያዙበትን ጥያቄ መልሱ ስላልኳቸው ነው። ይህን ዓይነቱን ስህተት ማደን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በምዝገባ ሰሞን መስኮቱ ላይ ተማሪ ተሰልፎ እያለ ሬጅስትራሩ በምን ጊዜው ይሠራዋል? ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሥራ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

የትርጉም ጉዳይም አለ። ጸሐፊው «የምረቃ መጠን» የሚለውን ነገር እንደ ቁመትና ክብደት በሜትርና በሚዛን የሚታወቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። የምረቃ መጠን ግን ሰዎች ተቀምጠው፣ ተከራክረው የተስማሙበት ስሌት ነው። አሜሪካንን እንውሰድ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ኮሌጆች የምረቃ መጠናቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የታወቀው ስሌት የሚይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡትንና በሙሉ ጊዜ የሚማሩትን ብቻ ነው። የሚሰጣቸው ጊዜ ለፕሮግራሙ ከተመደበው 150 በመቶ ነው፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ ስድስት ዓመት ማለት ነው። እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የምትማር እናት በዚህ ስሌት ውስጥ የለችም። ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ መጥቶ በማዕረግ የተመረቀ ልጅ ለተቀበለው ኮሌጅ አይቆጠርለትም፤ በተነሣበት ኮሌጅ ደግሞ ካልተመረቁት ጋር ይደመራል። ሰውዬው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፣ በስሌቱ ግን የትም አልተመረቀም።

ይህን የምለው ስሌቱን ለመንቀፍ አይደለም። ተቋማትን ለማነጻጸር አንድ ዓይነት ደንብ ያስፈልጋል፣ ማንኛውም ደንብ ደግሞ የሚያስቀረው ሰው ይኖራል። ግን አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ሠራተኞችና ተዛዋሪዎች የሆኑበትን ኮሌጅ በዚህ ቁጥር ብቻ የሚመራ ፕሬዚዳንት፣ ደጁ ላይ ስላሉት ተማሪዎች የሚነግረው ነገር ሳይኖር ውሳኔ ይወስናል። «ታህቱ ውስጥ (መጠኑ ሲሰላ ከሚካፈልበት ቁጥር ውስጥ) ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በስብሰባው ላይ መኖር አለበት። ያ ሰው ከሌለ ማንም አይጠይቅም። ብዙ ስብሰባ ተቀምጬ አይቻለሁ።

«ዘመናዊ ዳሽቦርድ ከተገዛ በኋላ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል» የሚለው የርዕሳቸው መነሻ ነው። ዳሽቦርድ የሚሉት የተቋሙን ቁጥሮች በሥዕልና በቀለም አጠናቅሮ በስክሪን የሚያሳየውን ሶፍትዌር ነው። ለዚህ ከማንም በፊት መልስ የሰጠው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጉዳይ ይመስለኛል። በ1973 ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ካመለከቱት 8,442 ወንዶች 44 በመቶው ተቀባይነት ሲያገኙ፣ ከ4,321 ሴቶች ያገኙት 35 በመቶው ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ራሱ ይናገር ቢባል የሚናገረው ግልጽ ነው፦ ሴቶች ተበድለዋል። ቢኬል፣ ሃመልና ኦኮኔል የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ግን በየትምህርት ክፍሉ ከፋፍለው አዩትና በ1975 ውጤቱን አሳተሙ። ብዙ አመልካች ከነበራቸው ስድስት ክፍሎች በአንዱ ካመለከቱት 825 ወንዶች 62 በመቶ፣ ከ108 ሴቶች ደግሞ 82 በመቶ ገብተዋል። በሌላው ካመለከቱት 373 ወንዶች 6 በመቶ፣ ከ341 ሴቶች 7 በመቶ። በሁለቱም ክፍሎች የሴቶቹ ይበልጣል! ከስድስቱ በሁለቱ ብቻ ነው የወንዶቹ በጥቂት የሚበልጠው። ታዲያ ድምሩ ለምን ተገለበጠ? ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለመግባት አስቸጋሪ ወደሆኑት፣ አመልካች ወደሚበዛባቸውና ቦታ ወደሚያንስባቸው ክፍሎች ስለነበር ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሣው ይህን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ይበልጥ እወደዋለሁ። ተመራማሪዎቹ «እንግዲያው ችግር የለም» ብለው እጃቸውን አላራገፉም። ጥያቄውን ወደ ኋላ ነው የወሰዱት፤ ሴቶቹ ከዚያ በፊት በነበረው አስተዳደጋቸውና ትምህርታቸው ለምን ወደ ተጨናነቁት መስኮች ተገፉ አሉ። የመቀበያ ኮሚቴዎቹን ወንጅሎ ሊያልፍ የነበረ ሰው አሁን ስለ ሂሳብ ትምህርትና ስለ ልጃገረዶች ማሰብ ጀመረ ማለት ነው። ዳሽቦርድ በክፍል ከፋፍል ካሉት ይከፋፍላል። በክፍል መከፋፈል እንዳለበት፣ ከተከፋፈለ በኋላም ጥያቄው እንዳላለቀ የሚያውቀው ሰው ነው።

በሙያው ውስጥ ስሙ የታወቀው ፓትሪክ ተረንዚኒ በ1993 ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ችሎታ በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር። የመጀመሪያው ቴክኒኩ ነው፦ ስታቲስቲክስ፣ ሶፍትዌር፣ የቃላቱና የቁጥሮቹ ፍቺ። ሁለተኛው ተቋማት የሚወዛገቡባቸውን ጉዳዮች ማወቅ ነው፦ ቅበላ፣ በጀት፣ የመምህራን ጫና። ሦስተኛው የራስን ተቋም ማወቅ ነው፦ ታሪኩን፣ ሰዎቹን፣ ውሳኔ በእርግጥ የት እንደሚወሰን። ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ደረጃ በከፊል ያግዛል፤ አመሰግነዋለሁም፣ ድሮ ሌሊት የሚፈጅብኝን ሥራ አሁን በደቂቃ ይጨርስልኛል። ሦስተኛው ላይ ግን ምንም አያውቅም። በአንድ ሴሚስተር የአንድ ኮርስ የመውደቅ መጠን በድንገት ቢወርድ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ያበራል። ኮርሱን ለዓመታት የሰጠው መምህር መልቀቁን፣ ወይም ፈተናው መቀየሩን፣ ወይም ይወድቁ የነበሩት ተማሪዎች ዘንድሮ በኢንኮምፕሊት (ባልተጠናቀቀ ውጤት) መያዛቸውን የሚያውቀው ግን በኮሪደሩ የሚመላለስና ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ነው።

«የሚያወጡት ሪፖርት በጆርናል የማይታተም ስለሆነ ጥናት አይባልም» ለሚለው ብዙ አልቆይም። የሕክምና ምርመራ ውጤትም በጆርናል አይታተምም፤ ሐኪሙና በሽተኛው ግን ይፈልጉታል። ተቋማዊ ጥናት አንድ ቤት ስለ ራሱ እንዲያውቅና እንዲወስን የሚደረግ ጥናት ነው። በሌላ ቤት ላይሠራ ይችላል። ዘዴው ግን ያው ዘዴ ነው፤ ናሙና ያው ናሙና ነው፤ ስህተቱም ያው ስህተት ነው።

ወደ መጠይቁ ልምጣ። እዚህ ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ፦ «ተማሪ መጠይቅ አይሞላም፤ የሞሉት ብዙ ከሆኑ ደግሞ ይበቃሉ፣ ያልሞሉትን ማሳደድ ከንቱ ነው»። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ መጠይቆች በፖስታ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰለት። ከዚህ የበለጠ «ብዙ» ከየት ይመጣል? መጽሔቱ ከሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። የመላሾቹ ቁጥር አላዳነውም፤ መጠይቁ የደረሳቸውና የመለሱት ከሌላው ሕዝብ የተለዩ ሰዎች ነበሩ።

እኛም ቤት ይኸው ይሆናል። በሠራሁበት አንድ ተቋም «ለምን አቋረጣችሁ?» የሚል መጠይቅ በየዓመቱ ይላክ ነበር። መልስ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ስለሆነ ሁሉም «ተማሪ ግድ የለውም» ይል ነበር። አንድ ቀን መጠይቁ የሚላክበትን አድራሻ አየሁት፤ የተማሪነት ኢሜይላቸው ነው። ተማሪ ሲወጣ ደግሞ የተማሪ ኢሜይሉ ይዘጋል። ለዓመታት በተዘጋ በር ሥር ደብዳቤ ስናስገባ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ስልክ መደወል ጀመርን፤ ማታ ማታ፣ ሰው ከሥራ ሲገባ። አንዳንዱ ጋ እናት ታነሣለች። አንዷ፣ «ልጄ ከወጣ እስከ ዛሬ ምን ሆነ ብሎ የደወለ የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ለአፍታ ቀጣዩን ቁጥር መደወል አቃተኝ። በዚያ ወር የሰማነው ነገር ባዶ ሆኖ ከኖረው የመልስ ሳጥን የተለየ ነበር፦ የሚሠሩበት ሰዓት ከላብራቶሪ ሰዓት ጋር የተጋጨባቸው፣ የአንድ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ሳያሟሉ ዓመት የጠበቁ፣ የሚጠይቁት ሰው ያጡ። ችግሩ የተማሪ ግድ የለሽነት አልነበረም።

መጠይቅ ሲሞላም በጥንቃቄ ይነበባል። ጸሐፊው መምህራንን ለመመዘን «ተማሪዎች የሚሰጡት ነጥብ ብቻውን በቂ ነው» ብለዋል። በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ አለ፤ በኦንላይን ኮርስ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ረዳት መምህራን ማንነታቸውን ተለዋውጠው አስተማሩ። ተማሪዎቹ ወንድ ነው ብለው ላሰቡት ሰው፣ እውነተኛ ፆታው ምንም ይሁን ምን፣ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ሙከራው ትንሽ ነው፤ 43 ተማሪዎች ብቻ የተሳተፉበት። ሁሉን ይወስናል አልልም። የሰው እንጀራ የሚወሰንበትን ነጥብ ግን እንደ ቴርሞሜትር ንባብ መውሰድ እንደማይገባ ለማሳየት ይበቃል።

አሁን ልክ ያሉበት ቦታ። «ሪፖርቶቹ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ» ብለዋል። ይጠጣሉ። እኔ ራሴ በየዓመቱ መቶ ገጽ የሚሞላ የስታቲስቲክስ ጥራዝ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ ማን እንደሚያነበው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥፋቱ የአንባቢው ብቻ አይደለም። ዲኑ የሚፈልገው ጥራዝ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ለሚሰበሰበው ኮሚቴ የሚሆን አንድ ገጽ ነበር፤ እኛ ደግሞ ጥራዙን ስንጨርስ ኮሚቴው ወስኖ ተበትኗል። ጥያቄ ሳይቀድመው የተሠራ ሰንጠረዥ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው የሚሰነዝሩትን ትችት ሁሉ እቀበላለሁ። መፍትሔው ግን ቢሮውን መዝጋት ሳይሆን ከጥራዙ በፊት ወደ ዲኑ ቢሮ ሄዶ «ምን ልትወስኑ ነው? መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በጣም ያናደደኝ አምስተኛው ነጥባቸው ነው፦ «ቢሮው የሚኖር ከሆነ ለአመራሩ ስለሚሠራ የተቋሙን ገጽታ ይገንባ፤ ደስ የማይል ውጤት ከቤት አይውጣ»። ይህን ምክር የተከተሉ ሰዎች የት እንደደረሱ የታወቀ ነው።

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ በታወቀው የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ደርሶ ነበር። በ2022 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ዩኒቨርሲቲው ለሰንጠረዡ ያቀረበውን መረጃ ለሁሉም ክፍት ከሆነው የኮርሶች ዝርዝር ጋር አነጻጸረው። ዩኒቨርሲቲው ከመጀመሪያ ዲግሪ ክፍሎቼ 82.5 በመቶው ከ20 ተማሪ በታች ናቸው ብሎ ነበር። የፕሮፌሰሩ ግምት ከ70 በመቶ በታች ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ዩኒቨርሲቲው ራሱ አርሞ ያወጣው ቁጥር ከዚያም ያነሰ ነበር፤ 57 በመቶ። ደረጃው ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። ይህ ሁሉ የመጣው ማንም ተቀምጦ ሊቆጥረው ከሚችል የክፍል ዝርዝር ነው።

የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ደግሞ የባሰ ነው። የኦንላይን ኤምቢኤ ፕሮግራሙ አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ተብሏል። ከቀረቡት መረጃዎች አንዱ ገቢ ተማሪዎች ሁሉ ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ውጤት አቅርበዋል የሚል ነበር፤ ያቀረቡት ግን ከአምስት አንዱ ገደማ ነበሩ። ዲኑ በ2021 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፣ በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ይህ ነው። ደረጃውን አምነው ገንዘባቸውን የከፈሉ ተማሪዎች ግን ዲኑ ቢታሰሩም የጠፋባቸው ጊዜ አይመለስላቸውም።

ከእነዚህ የራቅን ነን ማለት ይቀናናል። እኔ ግን የጀመርኩበትን ትንሽ ነገር አስታውሳለሁ። ለአመራር ስብሰባ ባዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ላይ የአንድ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ የመውደቅ መጠን ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ይታይ ነበር። አንድ ኃላፊ በጨዋ አነጋገር፣ «ይህቺን መስመር ለጊዜው ብንተዋትስ? ውይይቱን ታደናቅፋለች» አሉኝ። ተውኳት። የዋሸሁት ቁጥር የለም፤ አንድ መስመር ብቻ ነው የቀነስኩት። በሚቀጥለው ዓመት መስመሯ በሰንጠረዡ ቅርጽ ውስጥ አልነበረችም፤ ያምናውን ቅርጽ ነውና የምንገለብጠው። በሦስተኛው ዓመት ስለ ኮርሱ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ያንን ኮርስ ወድቀው ከትምህርት የተሰናበቱት ተማሪዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ስማቸው አሁንም በእኔ ፋይል ውስጥ አለ። ስለዚህ «ደስ የማይል ውጤት ከቤት አይውጣ» የሚል ሰው ሳይ፣ ከቤት የማይወጣ ውጤት ከቤት ውስጥም እንደሚጠፋ ስለማውቅ ዝም አልልም።

ለአመራሩ እንሠራለን፤ ይህ እውነት ነው። ለአመራሩ መሥራት ማለት ግን የማይፈልገውን ነገር ከውጭ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእኛ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ኮሎምቢያ ያንን ቁጥር ከራሱ ፕሮፌሰር በአደባባይ ከመስማት ይልቅ ከገዛ ቢሮው በዝግ ስብሰባ ቢሰማ ይሻለው ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ፦ «መረጃው የተቋሙ ስለሆነ ለመጠቀም የሥነ ምግባር ፈቃድም ሆነ የተማሪ ስምምነት አያስፈልግም»። ሕግ በየአገሩ ይለያያል፤ ለውስጥ መሻሻል የሚደረግ ሥራ ሁሉ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ እንደሌለበትም እስማማለሁ። ግን የተቋሙ መዝገብ ነው ማለት እንደፈለጉ ያድርጉት ማለት አይደለም። አሜሪካኖች በ1974 ባወጡት የተማሪዎች መዝገብ ሕግ እንኳ የተቋሙ ባልደረባ መዝገቡን የሚያየው ለሥራው በእርግጥ የሚያስፈልገው ሲሆን ነው። ስም መሰረዝም አይበቃም፦ ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ በ2000 እንዳሳየችው የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ ኮድ ብቻ ተጣምረው 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ ለይቶ ለማወቅ ያስችላሉ። አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት መምህርት ብቻ ካለች በሰንጠረዡ «የሴት መምህራን አማካይ ደመወዝ» በሚለው ሕዋስ ያለው ቁጥር የእሷ ደመወዝ ነው። ይህን ያላሰበ ዳሽቦርድ ምስጢሯን በቀለም ሠርቶ ያወጣዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የአሜሪካው የማውንት ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። በ2015 የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መጠይቅ ተሰጠ። መጠይቁ ስለ ራሳችሁ እንድታውቁ ለመርዳት ነው፣ የተሳሳተ መልስ የለም ተባሉ። የመንፈስ ጭንቀትን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም ነበሩበት። በጥር 2016 የተማሪዎቹ ጋዜጣ ያወጣው ዘገባ እንደሚለው የፕሬዚዳንቱ ሐሳብ ሌላ ነበር፦ በመልሶቹ እየታገዙ ሊዘልቁ አይችሉም የተባሉትን ከ20 እስከ 25 ተማሪዎች ተቋሙ የተማሪ ቁጥሩን ሪፖርት ከሚያደርግበት ቀን በፊት እንዲወጡ ማድረግ። ከዚያ ቀን በፊት የወጣ ታህቱ ውስጥ አይገባም፤ የመዝለቅ መጠኑም ያምራል። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት የካቲት ማብቂያ ላይ ለቀቁ።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚታየኝ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከቤት ከወጣ ጥቂት ሳምንት የሆነው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ «የተሳሳተ መልስ የለም» የሚለውን አምኖ እውነቱን የሚጽፍ። ትክክለኛው መጠይቅ፣ ትክክለኛው ጥያቄ፣ ትክክለኛው መልስ እጃቸው ገብቶ ነበር። ያንን መልስ ይዞ ወደ አማካሪ መሮጥ ይቻል ነበር። ልዩነቱን የሚፈጥረው መረጃው የተሰበሰበበት ዓላማ ነው፤ ለዚህ ነው ከመሰብሰቡ በፊት ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ዓይን ዓላማውን ማየት ያለበት።

በመዝጊያቸው ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ያስተዳድሩት በነበረ ተቋም የማቋረጥ መጠን በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደወረደ፣ ይህንንም ያለ ምንም የጥናት ክፍል ከዳሽቦርድ እንዳዩት ጽፈዋል። ወርዶ ከሆነ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ እንዴት እንዳደረጉትም መማር እፈልጋለሁ። ስለዚህ የምጠይቃቸው ለመሟገት አይደለም። በሁለቱ ዓመታት የተማሪ ቆጠራው የተደረገው በአንድ ዓይነት ቀን ነው ወይስ ተገፍቷል? ከቆጠራው ቀን በፊት የወጡት የት ተመዘገቡ? ዊዝድሮዋል የሞሉት ተማሪዎች ባለፈው ዓመት ካቋረጡት ጋር ተደምረው በዚህኛው ለብቻቸው ተለይተው ይሆን? በሁለቱ ዓመታት መካከል ሲስተሙ ተቀይሮ አዲስ የመታወቂያ ቁጥር ተሰጥቷል? ዝርዝሩን አትመው፣ መዝገብ ቤት ከቆየ አንድ ሰው ጋር ማስመሪያ ይዘው ቢቀመጡ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያገኙትን ቢጽፉልን እናነባለን።